የበርበሬ ሳል

ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ጥር ድረስ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማይስል ሰው የለም። ገበሬው የበርበሬ ዛላውን በጆንያ ጠቅጥቆ ከየቀበሌው ያመጣል፤ ነጋዴው ተረክቦ መጋዘን ያስገባል፤ ከዚያ ወዲያ ነፋስ በተነሣ ቁጥር መንገደኛው፣ ባለሱቁ፣ ባንክ ደጃፍ ተራ የያዘው ሁሉ አብሮ ያስነጥሳል። ቄሱ መስቀል እያሳለሙ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ አስነጥሰው ይመለሳሉ። ከአውቶቡስ ወርዶ ዓይኑን የሚያብስ እንግዳ ያየ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» አይለውም። በርበሬ ነው። ይህን የሚጠይቅም የሚያስረዳም የለም።

እኛ የምንኖረው ከአንዱ መጋዘን ጀርባ ነው። የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሴቶች ክብ ሠርተው ይቀመጡና የዛላውን ጭራ ይቀነጥሳሉ፤ የነጣውን ከደህናው ይለያሉ። አክስቴ ድሮ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ደረቷ እምቢ ሲላት ሥራውን ተወች፤ በጆንያ መካከል ተኝተው የሚያለቅሱትን ልጆች ግን መተው አልቻለችም። «በሉ ወደ እኔ አምጧቸው» አለች። ቤታችን ማቆያ የሆነው እንዲህ ነው። በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። እኔ ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ ውኃ በማምጣት ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ገንፎ ማገንፋት፣ ቀጥሎ የሽንት ጨርቅ ማጠብ መጣ። አክስቴ ጉልበቷን ሲያማት ልጆቹ በሙሉ በእኔ እጅ ሆኑ።

ሴቶቹ መጀመሪያ አላመኑኝም፤ ሲያምኑኝ ደግሞ መቀለጃ አደረጉኝ። «አባ ሞግዚት» ይሉኛል። አንዷ በየማለዳው በራችን ላይ ቆማ፣ «አንተን የምታገባ ታድላ! መውለድ ብቻ ነው የሚቀራት» ትላለች። ሌላዋ ትቀበላታለች፤ «እሱንም ቢሆን ካሳዩት ይሞክራል።» ብዙ እንደማልናገር ስለሚያውቁ መልስ አይጠብቁም። ልጆቹን ተቀብዬ እገባለሁ።

በበርበሬ ወራት አቀባበሉ ራሱ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። በርበሬ የዋለበት እጅ በሳሙናም ቢታጠብ አይለቅም። ማታ ታጥባ ያደረች ሴት ጠዋት ዓይኗን ብታሽ እንደገና ያቃጥላታል። ስለዚህ በዚያ ወራት እናት ልጇን በመዳፏ አትነካም። አዝላ ትመጣለች፤ በራችን ላይ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፤ እሷ ቋጠሮውን ስትፈታ እኔ ልጁን ከነጠላው ውስጥ እቀበላለሁ። ማታም እንዲሁ ነው፤ ጀርባዋ ላይ አስቀምጬ፣ አጥብቃ እስክታስር ድረስ እይዝላታለሁ። ልጇ ሲያለቅስ በክንዷ ታስጠጋዋለች እንጂ እንባውን በጣቷ አትጠርግም። ቤት ውስጥ ባል ካለ ባል ያጥበዋል፤ ትልቅ ልጅ ካለች እሷ ታጥበዋለች። ማንም ከሌለ ያንን ልጅ በባዶ እጅ የሚነካው እኔ ብቻ እሆናለሁ። ለዓመታት ይህን እንደ ሥራው አንድ ክፍል እንጂ እንደ ትልቅ ነገር አላየሁትም ነበር።

ባለፈው ዓመት ከያዝኳቸው አንዷ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። አባቷ ከተማ ውስጥ ጭነት ይጭናል፤ አዝመራ ሲደርስ ግን ወደ ቡሬ ገጠር፣ ወደ ወላጆቹ ወርዶ በቆሎ ይሰበስባል። እናቷ መጋዘን ውስጥ ትለቅማለች። ልጅቷ ለብቻዋ መጫወት ትወዳለች። የሌሎቹን ልጆች ጫማ ከየቦታው እየሰበሰበች ግድግዳው ሥር ትደረድራለች፤ አንዱ ልጅ ጫማውን ሊያነሣ ሲመጣ ከልላው ትቆማለች እንጂ አትጮህም። ሁሉንም ደርድራ ስትጨርስ ዘወር ብላ እኔን ታያለች። ራሴን ስነቀንቅላት እንደገና ትበትነዋለች።

ሳሏ ሲጀምራት እኔም እንደ ሌላው ሰው በርበሬ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁሉም ይስል ነበርና። ሆኖም ልጆቹን ቀኑን ሙሉ የምሰማቸው እኔ ስለሆንኩ ሳሎቹን ሳልፈልግ እለያቸዋለሁ። የበርበሬ ሳል ከማስነጠስና ከእንባ ጋር ይመጣል። ነፋሱ ከመጋዘኑ በኩል ሲመጣ ይነሣል፤ በሩን ዘግቼ እርጥብ አንሶላ ስሰቅል ይረግባል። የእሷ ሳል ነፋሱን አልተከተለም። በሩ ሲዘጋም፣ ሲከፈትም ያው ነበር። እንባ አልነበረውም። አጭር፣ ደረቅ፣ ከሥር የሚመጣ ሳል ነበር። እሑድ መጋዘኑ ተዘግቶ ውሎ ሰኞ ሌሎቹ ጉሮሯቸው ጠርቶ ሲመጡ እሷ ብሶባት መጣች።

ያን ቀን ማታ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ፣ ከሌሎቹ ጋር በር ላይ እንደቆመች፣ «እታለም፣ የዚች ልጅ ሳል አላማረኝም» አልኳት።

«የማን ሳል ያምራል?» አለች ከኋላዋ ያለችው፤ ሳቁ።

«የሷ የበርበሬ አይመስለኝም» አልኩ። «ትናንት መጋዘኑ ዝግ ነበር። እሷ ግን ብሶባታል።»

እናቷ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ልጅቷን እያስተካከልኩላት፣ «ወንድምዓለም፣ በርበሬው እኮ እኔ ነኝ» አለች። «ልብሴ በርበሬ ነው፤ ጠጉሬ በርበሬ ነው። እሑድ እሑድ ሌላ ሰው ልሁን?»

እውነቷን ነበር። በዚያ ላይ ሌሎቹ እየሰሙ ስለነበር ፊቴ ሞቀኝ። ነጠላውን እንዳጠበቀች ሄዱ።

አክስቴ በረንዳው ላይ ጉልበቷን በቅባት እያሸች ሁሉንም ሰምታለች።

«ሰው ፊት የሰው ልጅ ታማለች አይባልም» አለችኝ። «ሟርት ነው የሚመስለው።»

«ለብቻዋ ብነግራትስ?»

«ለብቻዋም ቢሆን አንዴ ነው የሚነገር። የበርበሬ አገር ልጅ ሳይስል አያድግም። አንተስ ስትስል አይደል ያደግኸው?»

በማግስቱ ልጅቷ ገንፎዋን አልጨረሰችም። አክስቴ ጥርስ እያወጣች ነው አለች። በሚቀጥለው ቀን ጫማ መደርደር ጀምራ መካከል ላይ አቆመች። አንድ ጫማ በእጇ እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ አፏን ከፍታ ተነፈሰች፤ ቆይታ ደግሞ ያንን ጫማ አስቀምጣ ሌላ ለማምጣት ሄደች። እኔ ድንች እልጥ ነበር። ቢላውን አስቀምጬ ማየት ያዝኩ። እንደገና አቆመች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጫማ ሁሉ ባለበት ትታ እግሬ ሥር መጥታ ተቀመጠች። ሹራቧን ገልጬ አየሁ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጎድ ነበር። ይህ ምልክት ደህና እንዳልሆነ፣ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሥዕል ላይ አይቼ አውቃለሁ። ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ግን ፊት አልነበረውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ጀሪካኑ ሳይሞላ እመለሳለሁ። ሌላ ልጅ እያጠብኩ ጆሮዬ እሷ ጋ ነው። ስትስል እደነግጣለሁ፤ ሳትስል ስትቆይ ደግሞ የበለጠ እደነግጥና ተነሥቼ ሄጄ አያታለሁ። ልጆቹም ጠባዬ ስለተለወጠባቸው ይነጫነጩ ጀመር።

እናቷን ለብቻዋ ያገኘኋት አንድ ማለዳ ከሌሎቹ ቀድማ ስትመጣ ነው።

«እታለም፣ ዛሬ ሥራውን ተዪውና ጤና ጣቢያ ውሰጃት» አልኳት። የጎድኗን ነገር ነገርኳት።

የነጠላዋን ቋጠሮ እየፈታች ሰማችኝ። ከዚያ፣ «አባቷ ይምጣ» አለች።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«መንገዱ ሲከፈት ነዋ።»

በዚያ ሰሞን ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ስልክም አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም።

«እስከዚያ መቆየት ያለባት አይመስለኝም» አልኩ።

ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቀረች። ልጅቷን ተቀብያለሁ፤ እሷ ግን አልዞረችም።

«ከሷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለች። «ያኔም አባቱ አዝመራ ሄዶ ነበር። ልጁ ሲያተኩስብኝ ብቻዬን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ብቻዬን ይዤው ወጣሁ። አባቱ የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነው። ምንም አላለኝም፤ አንድ ቃል እንኳ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ያንን በር ብቻዬን አልገባም፣ ወንድምዓለም። እሱ ይምጣ።»

ሌሎቹ ሴቶች እየሳቁ ሲደርሱ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አብራቸው ሄደች። እኔ ልጅቷን እንደታቀፍኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ልቤ ቂም ይዞባት ነበር፤ ግድ የላትም ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የምናደድበትም ሰው አጣሁ፤ ጭንቀቱ ብቻ ቀረ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለአክስቴ፣ «ነገ አልቀበላትም እላታለሁ» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«የምታቆይበት ስታጣ ሐኪም ቤት ትወስዳታለች።»

«መጋዘን ነው የምትወስዳት» አለች አክስቴ። «አንተ እዚያ ውለህ አታውቅም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ጆንያ ላይ አስተኝታ ነው የምትለቅመው።»

«እኔ ራሴ ብወስዳትስ?»

«የሰው ልጅ! እናቷ ሳታውቅ! ባጃጅ ላይ እያለች አንድ ነገር ብትሆን ማን ውሰዳት ብሎህ ነው የወሰድካት? አባቷ ነህ? ወንድሟ ነህ?» ቅባቱን ከደነች። «እኔ እኮ ልጅቷ ደህና ናት አላልኩም። እኔም አያታለሁ። ግን በእጅህ ያለውን እወቅ፤ በእጅህ ያለው ከአቧራው ማራቅ ብቻ ነው።»

ስለዚህ በማግስቱም ተቀበልኳት። በእኔ እጅ ያለው ማስፈራሪያ አልቀበላትም ማለት ብቻ ነበር፤ እሱን ብጠቀምበት የምትጎዳው ልጅቷ ነበረች። አጥሩ ላይ ሁለተኛ አንሶላ ሰቀልኩ፤ ሲደርቅ አረጥበዋለሁ፤ ሲረጥብ ሄጄ አያታለሁ። ተኝታ መተንፈስ ስላቃታት ተቀምጣ ነበር የምታንቀላፋው። ግድግዳውን አስደግፌ ከግራና ከቀኝ ትራስ አደረግሁላት።

የሆነው የሆነው ጭነት የሚወስደው መኪና ሳይመጣ በቀረበት ቀን ነው። መጋዘኑ ጆንያ ማስቀመጫ ስላጣ ሴቶቹን እኩለ ቀን ላይ አሰናበታቸው። እናቷ ስትገባ ልጅቷ ትራሶቹ መካከል ተቀምጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ታንቀላፋ ነበር። የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። እናቷ ከሩቅ ቆማ አየቻት።

«ተኝታለች» አለች።

«እንዲህ ነው የምትተኛው። ሌሊትስ?»

«ሌሊት ጀርባዬ ላይ ነው የማስተኛት። ካላዘልኳት አትተኛልኝም።»

ገባኝ። ማታ ከእጄ ወደ እናቷ ጀርባ ታልፋለች፤ ሌሊቱን ጀርባዋ ላይ ታድራለች፤ ጠዋት ከጀርባዋ ወደ እኔ ትመለሳለች። ይቺ ሴት ለሳምንታት የልጇን ደረት አላየችም ማለት ነው። እጇንም አልጫነችበትም። እኔ የምነግራት ሁሉ ለእሷ ወሬ ነበር።

«እታለም፣ ጆሮሽን ጀርባዋ ላይ አድርጊና ስሚ» አልኳት።

«በዚህ ልብሴ?»

ንጹሕ አንሶላ ከገመዱ ላይ አወረድኩ። ነጠላዋን በር ላይ አስቀመጠች። አንሶላውን ከራሷ ጀምሬ ትከሻዋን ሁሉ ጠቀለልኩላት፤ ፊቷና ጆሮዋ ብቻ ቀሩ፤ እነሱን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩላት። እጆቿን ራሷ ወደ ኋላ አድርጋ፣ እንደታሰረ ሰው፣ አንዱን በሌላው ያዘች። ተንበረከከች። እኔ ልጅቷን ወደ ፊት ቀና አድርጌ ሹራቧን ገለጥኩ። እናቷ ጆሮዋን የልጇ ጀርባ ላይ ለጠፈች።

አክስቴ በረንዳው ላይ ከሌሎቹ ልጆች ጋር እያወራች ነበር፤ ዝም አለች። ልጆቹንም ዝም አሰኘቻቸው።

ለረጅም ጊዜ አልተነሣችም። አንዴ ጆሮዋን ወደ ግራ በኩል ወሰደችው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ መለሰችው፤ እዚያው ቆየች። መጀመሪያ የተለወጠው ከኋላ የተያያዘው እጇ ነው፤ ጣቶቿ እርስ በርስ ተጨማደዱ።

«ሽሮ ሲንተከተክ ነው የሚመስለው» አለች ጆሮዋን ሳታነሣ። «ይሄ ውስጧ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«በርበሬ እንዲህ ያደርጋል?»

«እኔ እንጃ። የሚያውቅ ሰው ይስማው።»

ቀና አለች። ልጅቷን ለመያዝ ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች፤ ከዚያ አየቻቸውና መለሰቻቸው።

«አንተ ተሸከማት» አለች። «እኔ እከተልሃለሁ። አብረኸኝ ትገባለህ አይደል?»

«እገባለሁ።»

አክስቴ ከበረንዳው፣ «ሂዱ፣ ሂዱ፤ ሌሎቹ እኔ ጋ ናቸው» አለች።

ባጃጅ ያዝን። ጤና ጣቢያው አይቶ ወዲያው ሆስፒታል ላከን። እዚያ ሲስተሯ ልጅቷን ከእቅፌ እየተቀበለች፣ «አባት፣ መቼ ነው የጀመራት?» አለችኝ። እናቷም ወደ እኔ ዞረች። አባቷ እንዳልሆንኩ፣ ቀን ቀን እኔ ጋ እንደምትውል ተናገርኩ፤ ሳሉ መቼ እንደጀመራት፣ ገንፎ መቼ እንደተወች፣ ጎድኗ መቼ መሰርጎድ እንደጀመረ ነገርኳት። እናቷ እያንዳንዱን ስናገር ከንፈሯን ትነክስ ነበር። ማሳጠር ፈልጌ ነበር፤ ግን የሚጠቅማት ሁሉ መነገር ነበረበት።

መርፌ ወጓት፤ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት። ልጅቷ ቱቦውን አልወደደችውም፤ እየነቀለች ትጥለዋለች። ሲስተሯ ለእናቷ፣ «እጇን ያዢና ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ ደግፊ» አለቻት። እናቷ አልተንቀሳቀሰችም። ሲስተሯ ደገመችላት፤ ድምፅዋ ጠጠር አለ።

«አልችልም» አለች እናቷ። «እጄ በርበሬ ነው።»

እኔ ያዝኩላት። በአንድ እጄ ሁለቱን ትናንሽ እጆች፣ በሌላው ቱቦውን። ልጅቷ ትታገለኛለች፤ እናቷ አልጋው ራስጌ ቆማ እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ይዛለች፤ እንዲሁ ስሟን እየደጋገመች ትጠራለች። ብዙ ከቆየን በኋላ ነው እናቷ ሲስተሯ ስታልፍ ቀስ ብላ፣ «እህቴ፣ ያ የምታደርጉት ጓንት ለእኔ ቢሰጠኝ ይከለከላል?» ያለቻት። ሲስተሯ ቆም ብላ እጇን አየች፤ ከዚያ ከኪሷ አወጣች። ራሷ አለበሰቻት፤ አንዱ ላይ ሌላ ደረበችላት። እናቷ በሁለቱም እጇ የልጇን ፊት ያዘች። ቱቦውን ሳይሆን መጀመሪያ ፊቷን። እኔ ቱቦውን እንደደገፍኩ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። አዳምጦ ሲጨርስ የት እንደምንኖር ጠየቀና፣ «በርበሬውም አለበት፤ ግን በርበሬ ብቻ አይደለም» አለ። ስለ ነገ ስንጠይቀው ዛሬን እንይ አለን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ አንድ ቀን ይመስሉኛል። ጠዋት ልጆቹን እቀበላለሁ፤ ምሳቸውን አብልቼ ሲተኙ ለአክስቴ ትቼ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ በር ላይ ስደርስ ለመግባት እፈራለሁ። በመንገዴ የማገኛቸው ሰዎች ይስላሉ፤ ሁሉም የበርበሬ ነው። ማቆያው ውስጥ አንድ ልጅ ሲስል የያዝኩትን ጥዬ ሹራብ እገልጣለሁ። አንዷ እናት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳለች፣ «አባ ሞግዚት፣ የእኔውንም ሐኪም ቤት ልትወስደው ነው?» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሳቅ ነበር። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። እሷ ራሷ ቆይታ፣ «እስቲ አንዴ ጆሮህን አድርግበት» አለችኝ። አደረግሁ። የእሷ ልጅ ደህና ነበር፤ ወይም ደህና መሰለኝ።

አባቷ የደረሰው ኦክስጅኑ ከተነሣላት በኋላ ነው። ከመንገዱ የሚበልጠውን በእግሩ መጥቶ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ገብቶ፣ ከዚያ ወደ እኛ ቤት መጣ። ጠጉሩ ላይ የበቆሎ ገለባ ነበር። ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ልጅ የቀበረ ሰው ስለሆነ አንቱ አልኩት።

«ልጄን ሐኪም ቤት ያስገባሃት አንተ ነህ?» አለኝ ገና በር ላይ እንዳለ።

«እናቷ ናት። እኔ ተሸክሜያት ነው።»

«መታመሟን ያወቅኸው መቼ ነው?»

ነገርኩት። በልቡ ቀኖቹን ሲያስብ አየሁት።

«ይህን ሁሉ ቀን እያወቅህ?»

የምለው ነበረኝ፤ ቢሆንም እሱ የጠየቀኝን እኔም ራሴን ስጠይቅ ነበር የሰነበትኩት። አክስቴ ግን ከበረንዳው መለሰችለት።

«ልጁ ተናግሯል፤ ሟርተኛ እስኪባል ተናግሯል። ለዚያውስ አንተ የት ነበርክ?»

«በቆሎ ስሰበስብ ነበር፣ እትዬ።»

«በል ግባና ተቀመጥ። ቆሞ የሚሰበሰብ በቆሎ እዚህ የለም።»

ገባ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ውኃ ሰጠሁት፤ ጠጣ። ብርጭቆውን መሬት ላይ እያስቀመጠ፣ «ብቻዋን ነው የገባችው?» አለኝ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«አይደለም። አብሬያቸው ነበርኩ።»

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ተነሥቶ ተመልሶ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ።

ስትወጣ ሐኪሙ ከአቧራው አርቋት አላቸው። የበርበሬው ወራት ገና አላለቀም፤ እናቷ መጋዘን ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ልጅቷን የሚያኖሩበት ሌላ ቤት የለም። ስለዚህ እንደገና ወደ እኔ መጣች። ይህን ለሐኪሙ ማን እንደሚነግረው አላወቅሁም። አልጋዋን ከአጥሩ ርቆ በሚገኘው ክፍል አደረግሁላት፤ መስኮቱን በጨርቅ ጠቀጠቅኩት። አክስቴ፣ «በርበሬም አለበት ብሏል አይደል ሐኪሙ? ምን ብዬህ ነበር?» ትለኛለች አልፎ አልፎ። እውነቷን ነው። ግማሹን እሷ አውቃዋለች።

አባቷ ወደ ገጠር ከመመለሱ በፊት አንድ ቀን ይዟት መጣ። ሥራ የሌለው ይመስል ሳይሄድ ዘገየ። ልጅቷ ከበላች በኋላ ተኛች፤ ተጋድማ ነበር የተኛችው፣ እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ።

«የቱ ጋ ነው የሚታየው?» አለኝ።

ሹራቧን ገለጥኩና ከጎድኗ በታች ያለውን ቦታ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ሆዷ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ምንም የሚሰረጎድ ነገር አልነበረም።

«አሁን ደህና ናት ማለት ነው?»

«አሁን ደህና ናት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም» አልኩት። «አይቼ ነው የምናገረው፤ ነገ ደግሞ እንደገና አያለሁ።»

ይህ መልስ እንደማይበቃው አውቄያለሁ። ለእኔም አይበቃኝም። መሬቱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ልጅቷ አድርገን። ከአጥሩ ወዲያ ሴቶቹ ያወራሉ፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌሎቹ ይከተሏታል። በዚያ መካከል ልጅቷ በእንቅልፏ ሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ። አባቷ ክንዴን ያዘኝ።

«ይሄ የትኛው ነው?» አለኝ።

አጭር ነበር። ደረቅ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ከሴቶቹ ድምፅ ጋር ተደባልቆብኝ አልለየሁትም።

«ቆዩ» አልኩት። «የሚቀጥለውን እንስማ።»

ክንዴን አልለቀቀኝም። ጆሯችንን ወደ እሷ አዘንብለን ጠበቅን።